ሽማግሌ የተላከበት ቅሬታ

በአንድ የቢዝነስ ኮሌጅ ውስጥ ሥራዬ ቅሬታ መስማት ነው። ለምን አላለፍኩም፣ ለምን ስኮላርሺፕ ተከለከልኩ የሚል ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። የሚያለቅስ አለ፣ የሚዝት አለ፣ ባለሥልጣን አጎቱ ጋ ደውሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ የሚለጥፍም አለ። ለሁሉም የማሳየው ፊት አንድ ዓይነት ነው። እናቴ ሳላገባ የቀረሁት በዚህ ፊት ምክንያት ይመስላታል።

የቅሬታ ደንቡን ያረቀቅኩት ራሴ ነኝ። ቅሬታውን የሚያየው ሦስት ሰዎች ያሉት ኮሚቴ ሲሆን አንዷ እኔ ነኝ። ከአባላቱ አንዱን ስለ ቅሬታው ከቢሮ ውጭ መጥቶ የለመነ ሰው ካለ፣ ያ አባል ከጉዳዩ ይወጣና ተተኪ ይገባል። ይህችን አንቀጽ ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር። ስንቱን አጎት አሳርፋልኛለች።

ባለፈው ክረምት ከእንጦጦ ማርያም አካባቢ አንዲት ልጅ ቅሬታ አስገባች። በመግቢያ ፈተናው ሁሉንም በልጣለች፤ ስኮላርሺፑን ያጣችው በቃለ መጠይቁ ነው። «ከሌሎቹ አስበልጠን ለምን አንቺን እንምረጥ?» ሲሏት፣ «ኧረ ከኔ የሚሻሉ ይኖራሉ» ብላ አቀረቀረች። ጠያቂዎቹ «በራስ መተማመን ይጎድላታል» ብለው ጻፉ። በሥርዓት ያደገች ልጅ ስለ ራሷ ሌላ ምን እንድትል ፈልገው ነው? አባቷ የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ናቸው፤ ስኮላርሺፑ ከሌለ ትምህርቱም የለም። ቅሬታዋን እንኳ የጀመረችው «አስቸግሬ ከሆነ ይቅርታ» ብላ ነው። አንብቤ ስጨርስ በኮሚቴው የምሰጠው ድምፅ የእሷ ነበር።

ኮሚቴው ሰኞ ሊሰበሰብ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካራ ሰፈር ያለው ቤታችን በር ተንኳኳ። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንደኛው ቄስ። እናቴ በመስኮት አየቻቸውና እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ አርባ ልደፍን ነው፤ ሽማግሌ ደጃችን ቆሞ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቶሎ ገብቼ ልብስ እንድቀይር አዘዘችኝና በሩን ከፈተች።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለቻቸው።

«ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

«እሺ ነው፣ እሺ ነው! ብቻ፣ የልጁ ሥራ ምንድን ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «የለም፣ እኛ እንኳ የመጣነው ለአንዲት ልጃችን ነው» አሉ ቄሱ። «ስለ ስኮላርሺፕ።»

እናቴ ቁጭ አለች። እኔም ቀይሬ የወጣሁትን ቀሚስ እንደለበስኩ ቆሜ አዳመጥኳቸው።

አባትየው ልጃቸው ከትልልቅ ሰዎች ጋር በወረቀት ስትሟገት አፍረዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው የሚያልቀው ብለው ላኳቸው። ልጅቷ ፋይሉ ማን እጅ እንዳለ ስትጠየቅ ተናግራለች፤ ቤቴን ያገኙት በሰፈር ሰው ነው። ያን ሁሉ የእንጦጦ ቁልቁለት በእግራቸው ወርደው፣ ታክሲ ለዋውጠው ነው የመጡት።

«አባቶቼ፣ እዚህ ስለ ጉዳዩ መነጋገር አልችልም» አልኳቸው።

«ገብቶናል» አሉ ቄሱ ፈገግ ብለው። በመጀመሪያው ቀን ለሽማግሌ እሺ እንደማይባል ያውቃሉ። ቁርጥ ያለውን እምቢታዬን እንደ ወግ ቆጥረውት፣ መርቀውኝ ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ሰኞ ዝም ማለት እችል ነበር። ማን ያውቃል? ነገር ግን በዚያች አንቀጽ ስንቱን ባለ አጎት መልሻለሁ። የጠላሁትን የመለስኩበትን ደንብ ለወደድኩት ልጣሰው? ለኮሚቴው ተናግሬ ወጣሁ። በእኔ ቦታ የገባው የማርኬቲንግ መምህር ነው፤ በራስ መተማመን ይወዳል። ቅሬታው ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ውድቅ ተደረገ። ቢሮዬን ዘግቼ በንዴት አለቀስኩ።

ለልጅቷ የመንገሩ ሥራም የኔው ነው። ነጠላዋ በዝናብ ርሶ መጣች። ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«እርስዎ ቤት መምጣታቸው ነው የጎዳኝ?» አለችኝ።

«የኮሚቴው ጉዳይ ምስጢር ነው» አልኳት። ደንቡ እንደዚያ ነው የሚለው። ቀና ብዬ ላያት ግን አልቻልኩም።

ገባት። አመስግናኝ ተነሳች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«አደራዎን፣ ለሽማግሌዎቹ እንዳይነግሯቸው» አለች። «ቄሱ የንስሐ አባቴ ናቸው፤ ካወቁ ጸጸቱ ይገድላቸዋል። እኔ፣ አሁንም ያንኑ የቃለ መጠይቅ ጥያቄ መመለስ አቃተኝ እላቸዋለሁ።»