ማንም ያላጠጣው ባህር ዛፍ

ባለፈው እሑድ ታናሿ ልጄ ለእንግሊዝኛ ፈተናዋ ስታጠና ቆይታ መዝገበ ቃላቱን ይዛ ቡራዩ ቤታችን በረንዳ ላይ ወዳለሁበት መጣች። መዝገበ ቃላቱ የእኔ ነው፤ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር የተጠገነ፣ ያለ አስተማሪ እንግሊዝኛ የተማርኩበት።

«አባዬ፣ ‹ኮንሲት› የሚለው ቃል ግራ አጋባኝ። መጀመሪያ ትዕቢት ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ገጣሚ የሚፈጥረው የተራቀቀ ንጽጽር ይላል። ሁለቱን ምን አገናኛቸው?»

ልጆቼ ሲጠይቁኝ መልስ ሳልሰጥ አላልፍም። ያን ቀን ግን «አንብቢ፣ ይገባሻል» ብዬ አለፍኳት። መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አልነበረም።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሰበታ ከአጎቴ ከኦቦ ቶላ ጋር እኖር ነበር። ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን በራሴ አነበብኩ፤ በዚህም እኮራ ነበር። በጭነት መኪና ከሱሉልታ ድርቆሽ እየጫንን ለሰበታ ከብት አርቢዎች እናደርሳለን። በጥቅምት የእንጦጦን ዳገት ጨርሰን ቁልቁል ስንወርድ፣ ገና ሜዳው ሳይታይ የታጨደው ሣር ይሸተን ነበር።

ድርቆሽ የሚሸጡልን ኦቦ ደቻሳ አስካለ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ጭነን ስንጨርስ እርጎ በጣሳ ታመጣልናለች። ድርቆሹ ላይ ተቀምጬ ሳነብ አይታኝ፣

«መኪናው ሲነሳ ፊደሉ አይበተንብህም?» አለችኝ።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት እርጎውን እያቀበለችኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሽማግሌ ላክ እንጂ፣ ሣሩ ሳያልቅ» አለችኝ።

ኦቦ ቶላ ከሰበታ እስከ ተፍኪ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ ንግግራቸው አጭር ነው፦ «ልጅ ልንሆናችሁ መጣን።» እኔ ግን ይህን ናቅሁት። ሦስት ቀን ጽፌ፣ ሰርዤ፣ አሳምሬ አንድ ንግግር አዘጋጀሁና ማንበብ ስለማይችሉ በቃል አስጠናኋቸው።

«ይህ ልጅ ማንም ያልኮተኮተው፣ ማንም ያላጠጣው ባህር ዛፍ ነው። ዙሪያው ያለው ቁጥቋጦ መሬት ላይ ሲቀር እሱ ብቻውን ወደ ሰማይ ወጣ።»

ኦቦ ቶላ ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ ሰሙኝ። ከዚያ መቆርጠሙን ተዉ።

«ማንም?» አሉ።

«ለንግግሩ ስለሚያምር ነው፣ አጎቴ።»

«ቶሌ» አሉ በኦሮምኛ። «እሺ፣ ልጄ።»

ወላጆቼ ሲሞቱ በስድስት ዓመቴ ከተፍኪ በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡኝ እሳቸው ናቸው። ያን መዝገበ ቃላትም በግ ሸጠው የገዙልኝ እሳቸው ናቸው።

በጥር አንድ እሑድ ጠዋት ጎረቤታችንን ኦቦ ገመቹን አስከትለው ሱሉልታ ሄዱ። የሚታጭለት ልጅ አብሮ አይገባምና እኔ አስፋልቱ ዳር አንድ ወተት ቤት ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ያዘዝኩት እርጎ ሳልቀምሰው ውሃ አቆረ። ሲመለሱ ፊታቸውን አይቼ አወቅሁ።

ኦቦ ደቻሳ እንዲህ ብለው ነበር የመለሱት፦ «ባህር ዛፍ ረጅም ነው፣ እውነት ነው። ግን ከሥሩ ሣር አይበቅልም። እኔ ደግሞ በሣር የምኖር ሰው ነኝ።»

«በትክክል አላሉትም!» ብዬ ጮህኩባቸው፣ በሰው ፊት። «አበላሽተውብኛል!»

«ምናልባት አንድ ቃል ዘልዬ ይሆናል» አሉ። ከዚያ ክንዴን ያዙኝ። «የመጀመሪያ እንቢታ እንቢታ አይደለም፣ ልጄ። ወጉ ነው። ሰው ሦስቴ ይመላለሳል። በሚቀጥለው እሑድ በራሴ አነጋገር ልሞክር።»

ይህን ወግ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ። ግን የጻፍኩት ተንቆ በዚያ ደጃፍ ዳግመኛ አልለምንም አልኩ። አስካለ እስከ ፋሲካ ጠበቀች። በግንቦት ለሌላ ተዳረች። ኦቦ ቶላም ከዚያ በኋላ ለሽምግልና ሲጠሩ ጉልበቴን ያመኛል ማለት ጀመሩ።

እውነቱን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በኦቦ ቶላ ለቅሶ ላይ ነው። ኦቦ ገመቹ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው፣

«ያን ቀን አንዲት ቃል አልዘለሉም» አሉኝ። «ኦቦ ደቻሳ ‹ይህ ንግግር የልጁ ነው ወይስ የእርስዎ?› ብለው ጠየቁ። አጎትህ ‹የእኔ ነው፤ ልጁ ትሑት ነው› አሉ። እዚያ የተሰበሰበው ሽማግሌ ሁሉ ሳቀባቸው።»

ያሳደጉኝ ሰው፣ ማንም አላሳደገውም የሚለውን ቃል በአደባባይ በአፋቸው ተናግረው፣ ነውሩንም ለራሳቸው ወሰዱት። እኔም ጮህኩባቸው።

ይህን የምጽፈው በአስካለ ተቆጭቼ አይደለም፤ ሚስቴን አክብሬ ኖሬያለሁ። ልጆቼንም ስለ ትዕቢት ዕድሜ ልኬን ገሥጫለሁ፤ ከየት እንደተማርኩት ግን ነግሬያቸው አላውቅም። አሁን ለልጄ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ይህን ጽፌላታለሁ።

የዚህ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ እንዲህ ብዬ ነበር፦ «ትዕቢት እንደ ባህር ዛፍ ጉቶ ነው፤ በቆረጡት ቁጥር ያቆጠቁጣል።» አነበብኩት። አማረልኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት፤ ማን ሰማኝ ብዬም ዞር አልኩ።

ከዚያ ሰረዝኩት። በቦታው «ኦቦ ቶላ አጠጥተውኛል» ብዬ ጻፍኩ።