የስታመንካ ቁጥር የጠፋ ዕለት

በሌስኮቫትስ ከተማ ገበያ በርበሬ ስትሸጥ ጸጉሯ የሸበተው ስታመንካ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ «እንዴት አደርሽ?» የሚላት ሰው የለም። ለምን ብሎ ይጠይቃታል? ሁሉም ያውቃላ! ክንዷ ላይ የተለጠፈችው ሳንቲም የምታህል መሣሪያ የደም ስኳሯን እየለካች ወደ ስልኳ ትልካለች፤ ከስልኳ ወደ ልጇ፣ ወደ ወንድሟ፣ ወደ ጎረቤቷ፣ እንዲያ እንዲያ እያለ ወደ ግማሹ ሰፈር ይዳረሳል።

«ስታመንካ! ዛሬ አሥራ አንድ ነሽ!» ትላለች ጎረቤቷ ዲቭና በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ። «ማታ ያቺን ኬክ ነክተሻታል!»

«አንቺ ደግሞ ባልሽን ትተሽ የኔን ስኳር ትጠብቂያለሽ!»

«የኔማ ባል ምን ይጠበቃል? ከሶፋው አይነሳ!» ትላለች ዲቭና፤ ሁለቱም ይንከተከታሉ።

እሑድ የልጇ የራዶሽ ሰርግ ነው። በነሱ አገር የሙሽራው እናት ጥግ ይዛ እንባዋን የምትጠርግ እንዳይመስላችሁ። ወንፊት ሙሉ ስንዴና ከረሜላ ይዛ፣ ጥሩምባ እየተነፋላት፣ እጅ ለእጅ የተያያዘውን ጭፈራ ከፊት ሆና ትመራለች፤ ከወንፊቱ እየዘገነችም ሰው ላይ ትበትናለች። ስታመንካ ይህቺን ቀን ራዶሽ ጥርስ ሳያወጣ ጀምራ ስትጠብቃት ኖራለች። ምን ያደርጋል፣ ልክ አሁን የቀኝ ጉልበቷ ከዳት። ሐኪሙም «በኤምአርአይ ካላየሁት ጭፈራ የሚባል ነገር የለም» ብሎ ድርቅ አለ።

ከቀጠሮው ደጋግማ ቀርታለች። ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ስለሆነ የክንዷም መሣሪያ፣ ወገቧ ላይ ሆኖ ኢንሱሊን የሚሰጣት ፓምፕም መውለቅ አለባቸው። «እነሱን አውልቄማ ምን ቀረኝ? እዚያ ቱቦ ውስጥ ተጋድሜ ስኳሬ ቢወርድስ፣ ማን ያውቅልኛል?» ትላለች እየሳቀች። ሳቁ ለሰው ነው እንጂ የምር ፈርታ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ግን ሌላ ቀን አልቀረም፤ ሄደች። በመኪና የወሰደቻት ሙሽራዋ ቲያና ናት፤ የቀረው ሰው ለሰርጉ ሥጋ በጎመን ቅጠል ሲጠቀልል ፋታ አጥቷል። ቲያና የሰሜን ሰው ናት፣ ከሱቦቲትሳ። እሷ ተረጋግታ አንድ ነገር ተናግራ እስክትጨርስ ስታመንካ ሦስት ነገር አውርታ ትጨርሳለች። የስኳሯንም ቁጥር ለሷ ብቻ አልሰጠቻትም። «መጀመሪያ ትግባ፣ ስኳሬን ከዚያ ታየዋለች!» ብላ ነበር፤ ያውም ልጅቷ ጆሮ ላይ።

ማሽኑ ክፍል በር ላይ ባለሙያዋ ጣቷን ወጋ አድርጋ ለካቻት። «ሰባት ነጥብ አንድ። ደህና ነዎት እማማ። በሉ ያውልቁ፤ ቶሎ እንጨርሳለን።»

«ማን ይይዝልኛል?» አለች ስታመንካ ግራ ቀኝ እያየች። ከቲያና በቀር ሰው የለም። ልጅቷ ሁለት እጇን ዘረጋች። ስታመንካ ፓምፑን አስረከበቻትና፣ «ከእጅሽ ቢወድቅ ሰርግ የለም፣ ነግሬሻለሁ!» አለቻት። ከዚያ ጨክና የክንዷን መሣሪያ ላጥ አደረገች። አንዴ ከተላጠች አትመለስምና ቅርጫት ገባች።

አንድ ነገር ግን ረስታለች። ለምርመራ መሄዷን ሰፈሩ ያውቃል፤ ቁጥሯ እንደሚጠፋ ግን ለማንም አልተናገረችም።

በኋላ እንደነገሯት፣ መጀመሪያ የጮኸው የዲቭና ስልክ ነው። ብታየው ቁጥር የለ፣ ምን የለ! «የሰው ያለህ! ስታመንካ ጠፋች! ስኳሯ ወርዶ ይሆናል!» ብላ በሥጋ በተለወሰ እጇ ለሰርጉ የተገዛውን ከረሜላ ከነካርቶኑ አፈፍ። ወንድሟ ትራይኮ የሰርጉን ዜማ እየተለማመደ ነበር፤ ጥሩምባውን እንኳ ሳያስቀምጥ እግሬ አውጪኝ። አንዱ ማር፣ አንዱ የስኳር ከረጢት፣ ያገኘውን አንጠልጥሎ ሰፈሩ ሁሉ ወደ ሆስፒታል ተመመ።

ስታመንካ በሆስፒታል ቀሚስ እያነከሰች ስትወጣ ኮሪደሩ በለቅሶ ቀልጧል።

«ማነው የሞተው?» አለች ደንግጣ።

«አንቺ ነሻ!» አለች ዲቭና እየተንሰቀሰቀች። ቀና ብላ አየቻትና፣ «አንቺ! ምነው ሳትነግሪን ቁጥርሽን ታጠፊያለሽ?» ብላ ተቆጣች። መጀመሪያ ስታመንካ ሳቀች፣ ከዚያ ዲቭና፣ ከዚያ ግድግዳ ይዞ የማይስቅ ጠፋ።

በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል ቲያና ፓምፑን በሁለት እጇ እንደያዘች ሰውን ሰንጥቃ መጣች። መልሳ ገጠመችላት፤ ክንዷንም ጠርጋ ከስታመንካ ቦርሳ ያወጣችውን አዲስ መሣሪያ ለጠፈችላት። ሐኪሙ ከውስጥ ብቅ አለ። «ጉልበትዎ ተቆጥቷል እንጂ አልተቀደደም። ይጨፍሩ። ዝላይ ግን የለም!»

እልልታው ቀለጠ! ስታመንካ ለምርመራው ስትገባ ጌጧን ያኖረችበትን የፕላስቲክ ሳሕን እንደ ወንፊት ብድግ አድርጋ ከዲቭና ካርቶን ከረሜላ ሞላችበት። «ትራይኮ፣ ንፋ!»

«እዚህ? በሽተኛ ተኝቶ?»

«በቀስታ ንፋዋ!»

«ጥሩምባ በቀስታ የሚነፋው የት አገር ነው?» አለና ነፋው። ነርሷ እየጮኸች ሁሉንም ጠራርጋ ወደ ግቢው አወጣቻቸው፤ ጭፈራው እዚያ ደራ። ስታመንካ ከፊት፣ ከረሜላው በሐኪሙ ራስ ላይ ሳይቀር። እርምጃውን የማታውቀው ቲያና ከኋላ እየተደናቀፈች ተከተለች።

ስታመንካ ደክሟት አግዳሚው ላይ ቁጭ ስትል ሁሉም ስልኩን አወጣ። ምንም የለም። አዲሷ መሣሪያ ቁጥር ለመስጠት አንድ ሰዓት ትፈልጋለች።

«ስንት ትሆን?» አለች ዲቭና።

«እኔ እንጃ፣» አለ ትራይኮ። ስልኩንና ስታመንካን እያፈራረቁ አዩ፤ ምን እንደሚሏት ጨነቃቸው።

ቲያና ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለች። «እንዴት ነዎት?»

ስታመንካ አፏን ከፈተች። ከልማዷ ቁጥር ልትናገር ነበር፤ ቁጥር የላትም። ሰው እንዲህ ብሎ ከጠየቃት ስንት ጊዜዋ ነው? ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ጉልበቴን ያመኛል፣» አለች። «ርቦኛል። እዚያ ውስጥ ደግሞ በጣም ፈርቼ ነበር፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ከበሩ አልራቅሁም።»

«ቆይ፣ ለሷም ቁጥሩን እንስጣት!» አለች ዲቭና ስልኳን እየጎረጎረች። «ከእንግዲህማ የቤት ሰው ናት!»

«ተይ!» አለች ስታመንካ። የቲያናን እጅ ያዘች። «ላንቺ ቁጥሩን አልሰጥሽም፤ አንቺ ጠዋት ጠዋት ጠይቂኝ።»