የቲቸር ሽፈራው ቴርሞሜትር

ውሸት ነው በሉኝ። ቲቸር ሽፈራው አርፈዋል። ጠዋት የደወለችልኝ ልጃቸው ናት። ሁለቴ መልሼ ደወልኩላት፣ ሁለቴም ያንኑ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ የቤቴን ግቢ ስዞር ነው የዋልኩት። ይህን ጽሑፍም ሦስቴ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ።

ለማታውቋቸው፦ ጋምቤላ ከተማ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማሩኝ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ክልሉ ገና ክልል የሆነ ሰሞን ነው፤ ቢሮው ሁሉ አዲስ ታፔላ ይሰቅላል፣ እኛ ግን ለክፍሉ ልጅ በሙሉ አንድ ቴርሞሜትር ነበረን። እሱንም ካገራቸው በካልሲ ጠቅልለው ያመጡት ራሳቸው ናቸው።

ሌላው አስተማሪ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስገለብጠናል። እሳቸው ከባሮ ወንዝ ውሃ ያስቀዱናል፣ ከሰል ያስቀጣጥሉናል፣ "በሉ ለኩ" ይሉናል። መልስ ፍለጋ መጽሐፍ የሚገልጥ ልጅ ካዩ "መጽሐፉ ይቆየን፤ አንተ ምን አየህ?" ነው የሚሉት። የክፍሌ ልጆች፣ ይህን ስታነቡ ድምፃቸው እንደሚመጣባችሁ አውቃለሁ።

መጽሐፉ ውሃ መቶ ዲግሪ ላይ ይፈላል ይላል። እኛ ብንለካው ብንለካው ዘጠና ስምንት!

"ቲቸር፣ የእኛ ውሃ ሰነፍ ነው፤ መቶ አያመጣም" አላቸው ኡጁሉ።

እንደዚያ ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። "ሰነፍስ የእኔ አገር ውሃ! ዘጠና አምጥቶ ይፈላል" አሉና አስረዱን። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ባሕር ጠለል ነው፤ ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር ውሃ ባነሰ ሙቀት ይፈላል።

ከዚያ ከትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘር መጣ። ይህ የከሰል ነገር ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውን ሊወስን እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ቲቸር ቴርሞሜትሩን እንዳነብ እኔን ጠሩ። ውሃው እየተንፈቀፈቀ ነው። ዘጠና ስምንት ይላል። ቀና ስል ሱፐርቫይዘሩ መጽሐፉን ገልጦ ይዟል። ከመጽሐፉ የተለየ ቁጥር ብናገር ቲቸርን የማስወቅሳቸው መሰለኝ።

"መቶ" አልኩ።

"አሪየት፣ መጽሐፉ ይቆየን። አንቺ ምን አየሽ?"

"መቶ።"

ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። በሰው ፊት ውሸታም ሊያሰኙኝ አልፈለጉም፣ ዝም አሉ።

ሱፐርቫይዘሩ ሳቀ። "መቶ መሆኑንማ መጽሐፉ ነግሮናል! ለዚህ ነው ከሰል የምትጨርሱት?"

በሳምንቱ ምድጃው ከክፍላችን ወጣ። እኛም እንደ ሌላው ክፍል መገልበጥ ጀመርን። ያየሁትን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ እኮ፣ መጽሐፍ የማይነግረን ነገር እንዳለ ለማሳየት ያ ቁጥር ብቻ ይበቃ ነበር። ልታደጋቸው ብዬ ሥራቸውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። በዓመቱ ቲቸር ወደ ጎግ ወረዳ ተዛወሩ።

ዛሬ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የሰው ትኩሳት ለክቼ ከመጻፌ በፊት ሁለቴ አያለሁ፤ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ከዚያ በኋላ ቲቸርን ስንቴ አግኝቻቸዋለሁ፣ ገበያ ላይ፣ ሠርግ ላይ። ሁልጊዜ "ለሌላ ጊዜ እነግራቸዋለሁ" እያልኩ አለፍኩ። ምን ዓይነት ፈሪ ነኝ!

ቲቸር፣ ለእርስዎ ብዬ የዋሸሁ ይመስለኝ ነበር። ለራሴ ፈርቼ ነው። ለምን አልተቆጡኝም? ቢቆጡኝ ኖሮ ያኔውኑ ይወጣልኝ ነበር። ዝም ሲሉ ይቅር እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቅኩዎትም። ይቅር ይበሉኝ። ደህና ይሁኑ፣ የእኔ መምህር።