የሚያነባ ዓይን ይዤ ወደ ሳሪስ

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተነሳሁ፤ የምሄደው ሳሪስ አቦ አካባቢ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ነው። ቃሊቲ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ዓይኔን አሸዋ እንደገባበት ሲቆረቁረኝ፣ ከሰዓት በኋላ ክሩ ሲደበዝዝብኝና እንባዬ ሲወርድ ከርሟል። ልታወር ነው ብዬ ሥራውን ለመልቀቅ ወስኜ ነበር። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ ግን "ሳትመረመሪማ አትለቂም" ብለው አብረውኝ ወጡ።

አንድ ሰዓት፣ ቃሊቲ

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጫለሁ። ከፊታችን የተሰለፉት የጭነት መኪኖች አቧራውን ያቦኑታል። ነፋሱ ፊቴን ሲነካው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ ትከሻዬን ነካ አድርገው "እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ" አሉኝ።

"የሞተባት የለም፤ ዓይኗን አሟት ነው" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል ሳቄ መጣ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሳሪስ አቦ

ሐኪሟ አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፋ ብርሃን አበራችብኝ። ዓይኔ ውስጥ ቢጫ ቀለም ጠብ አደረገች። ቀጭን ወረቀትም ከታችኛው የዓይኔ ሽፋን ሥር ሰክታ አምስት ደቂቃ አስጠበቀችኝ።

"ዓይንሽ ደርቋል" አለችኝ።

"እንዴ፣ እንባው እየወረደ?"

"ስለደረቀ እኮ ነው የሚወርደው። ዓይንን የሚያለሰልሰው እንባ ሲያንስ ወይም ቶሎ ሲተን ዓይን ይቆጣል፤ ሲቆጣ ውሃ የመሰለ እንባ ይለቃል። እሱ ፈሶ ይሄዳል እንጂ አያለሰልስም። አንቺ ደግሞ መርፌው ላይ አፍጥጠሽ ስትውዪ ማርገብገብ ትረሺያለሽ።"

"አልታወርም?"

"የሚያሰጋ ነገር አላየሁም። ግን ተንከባከቢው።"

ላቅፋት ምንም አልቀረኝም። እንባ የሚተካ ጠብታ አዘዘችልኝ። ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ዓይኔን እንድሸፍን፣ ከስፌቱ ቀና እያልኩ ደህና አድርጌ እንዳርገበግብ፣ ከማሽኔ ጎን ያለውን ቬንቲሌተር ከፊቴ እንዳዞር ነገረችኝ። "ከሰው የተረፈ ጠብታ እንዳትጠቀሚ። ሕመሙ ከባሰ ወይም እይታሽ ከቀነሰ ቶሎ ነይ" ብላ ሸኘችኝ።

ከደስታዬ ብዛት ራበኝ። ሁለት ሁለት ሳምቡሳና አንድ አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ ጨረስን። ገበያው ዳር መነጽር ስመርጥ ስልጤው ባለሱቅ "ለፀሐይ ነው ወይስ ለዝነጣ?" አለኝ።

"ለነፋስ" አልኩት። ግራ እንደተጋባ ሸጠልኝ።

በመልሱ መንገድ መሃል ወንበር ላይ ተቀምጬ ዓይኔን እያርገበገብኩ የሱቆቹን ጽሑፍ አንድ በአንድ አነበብኩ። ከመድኃኒት ቤት የገዛሁትን ጠብታ ካደረግኩ በኋላ ፊደሉ ጠርቶ ይታየኛል።

ስምንት ሰዓት፣ ቤት

ለብ ያለውን ጨርቅ ዓይኔ ላይ አድርጌ ጋደም አልኩ። እትዬ ጥሩወርቅ አጠገቤ ተቀመጡና "የኔም ዓይን እንደዚሁ ይቆረቁረኛል" አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆየ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።"

ጨርቁን አንስቼ አየኋቸው። እኔ ዕውርነት ነው ብዬ ስፈራ፣ እሳቸው እርጅና ነው ብለው ሲችሉ፣ ሁለታችንም ምን እንደሆነ ሳንጠይቅ ከርመናል።

"ሰኞ ፈረቃዬ ከሰዓት ነው" አልኳቸው። "ጠዋት እርስዎን ይዤ ሳሪስ እሄዳለሁ።"

እንቢ አላሉም።