የጋሽ ሸኩር ከረጢት

ጋሽ ሸኩር ከስልጤ ወደ እኛ ከተማ ወደ ሸቤ የመጡት በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ዛሬ ስልሳን አልፈዋል። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ከቆርቆሮ ማንደጃ ይሠራሉ፣ የተሸነቆረ ድስት ይጠግናሉ። ሐሙስና እሑድ ግን ሱቁ ዝግ ነው። ማለዳ ከረጢታቸውን አንግተው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ከሰዓት አሳ ይዘው ወደ እናቴ ሻይ ቤት ይመጣሉ።

በእኛ ከተማ ሥጋ ጠረጴዛ ይለያል። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያኑ። አሳ ግን ማን እንደያዘው አይጠየቅም። በገና ጾም እናቴ፣ ጥሩወርቅ፣ የጋሽ ሸኩርን አሳ ስትጠብስ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። እሳቸውም አብረው ይቀመጣሉ፤ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ከሰው ጋር የሚበሉት በሳምንት ሁለት ቀን፣ እዚያ ብቻ ነው።

ወሬው የተነሣው አምና ኅዳር ላይ ነው። በክረምት ወንዙ ሲደፈርስ በትል አሳ የማይዝ የለም። ዝናቡ ሲያቆም ግን ውኃው እስከ ታች ድረስ ይጠራል፤ ሰው አሳውን ያያል፣ አሳውም ሰውየውን። ያኔ ሁሉም ባዶ እጁን ሲመለስ ጋሽ ሸኩር ብቻ የክንድ ርዝመት ያለው አሳ ይዘው ይመጣሉ። ከረጢታቸውን ለማንም አያሳዩም። የሚቀመጡት ደግሞ ከብርብራ ዛፍ ሥር ነው። ብርብራ የቡና ጥላ ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ላይ ከተነሰነሰ ግን አሳውን መርዞ ያንሳፍፈዋል።

«እኔ ምንም አላልኩም፣ እትዬ» አለ ኩመራ። ባጃጅ ነጂ ነው፤ እሑድ እሑድ እሱም መንጠቆ ይጥላል። «ግን ያ ከረጢት ምን ይዟል?»

እናቴ የአሳውን ከንፈር ገልብጣ አሳየችው። «ይኸው፣ መንጠቆ የገባበት።»

«በሚስማርም ይበሳል።»

«አንተ ባዶ እጅህን ስለምትመለስ ነው።»

«ባዶ እጄን ልመለስ። ሆዴ አይነፋ እንጂ።»

ሰው ሳቀ። ቢሆንም ሁለት ሰዎች ሳህናቸውን ወደ ጎን ገፉ። በሚቀጥለው ሐሙስ አሳው ሳይነካ አደረ።

እናቴ ጋሽ ሸኩርን ጥግ ላይ አስቀመጠቻቸው። «ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ሸኩር። ሰው ካልበላ ለማን እጠብሳለሁ? ከረጢቱን ይክፈቱትና ወሬው ይቅር።»

«ከከፈትኩት ነገ ወንዙ ዳር መቀመጫ አላገኝም። በሁለት ጾም ውስጥ አንድ ትልቅ አሳ አይተርፍም።»

«እንግዲያው አልገዛዎትም።»

ጋሽ ሸኩር ከረጢታቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። ቆይተው በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «አንድ ሰው መጥቶ ይይ። ሔራን ትምጣ። እዚህ ቤት የማታወራ እሷ ናት።»

እውነቱን ለመናገር እኔም እጠረጥራቸው ነበር። ሰው የሚደብቀው መልካም ነገር ብዙ አይመስለኝም ነበር። በዚያ ላይ የቤታችን የሻይ ማንኪያ ከመስከረም ጀምሮ እየጎደለ እናቴ ሁሉን ሰው በዓይነ ቁራኛ ትጠብቅ ስለነበር፣ መጠርጠር ቤታችን ገብቶ ነበር።

እሑድ ጠዋት ተከትያቸው ወረድኩ። ወንዙ ሰፍቶ የሚተኛበት ቦታ ላይ ውኃው ያለ አይመስልም፤ አሸዋው ላይ የአሳውን ጥላ ታያለህ፣ ከዚያ በኋላ ነው አሳው የሚታይህ።

«ጥላሽን ከውኃው አውጪው» አሉኝ። ወደ ኋላ አልኩ። እግሬ ሥር የደረቀ የብርብራ ፍሬ ተሰበረ። ከረጢቱን መፍታት ሲጀምሩ ዱቄት እንዳላይ ፈራሁ።

ከውስጡ በወተት ጣሳ ላይ የተጠቀለለ ገመድ ወጣ። ቀጥሎ በጨርቅ የተጠቀለለ እጀታው የተቆረጠ ማንኪያ። በአንድ ጫፉ ገመድ፣ በሌላው መንጠቆ ታስሮበታል።

«ትልቁ አሳ ትል ንቋል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትንሹን አሳ ነው የሚያሳድደው። ይህቺ ትንሿ ናት።»

ወረወሯት። ውኃው ውስጥ እየተገላበጠች፣ እያብለጨለጨች መጣች። ከድንጋይ ሥር አንድ ጥላ ወጥቶ ተከተላት፤ ቆመ። የተመለሰ መሰለኝ። ወዲያው ገመዱ ተወጠረ።

አሳውን ሳር ላይ ካሳረፉት በኋላ ማንኪያዋን አየኋት። ጀርባዋ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም አለ። እናቴ ዕቃዋ ከሰው ዕቃ እንዳይቀላቀል የምትቀባው ነው።

«የእኛ ነው» አልኩ።

ጋሽ ሸኩር ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ። «አራት ወስጃለሁ። ሦስቱን ድንጋይ በላብኝ። ልክፈልሽ ብላት ለምን ወሰዱ ትለኛለች። አትናገሪ፣ ልጄ።»

«አልናገርም።»

ከሰዓት ሻይ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሁሉም እኔን ይጠብቃል። «ብርብራ የለም» አልኩ። «በዓይኔ አይቻለሁ፤ በመንጠቆ ነው።» እናቴ ሌላ ቃል አልጠበቀችም፤ አሳውን ዘይት ውስጥ ጨመረችው።

ኩመራ ሻዩን እያማሰለ «ምን ዓይነት ትል ነው?» አለኝ።

«ትል አይደለም።»

«ታዲያ በምን?»

ዓይኔን ዝቅ አደረግሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ፊቱን ማየት አልችልም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠረጴዛ ነው የማየው። ጠረጴዛው ላይ የኩመራ ብርጭቆ ነበር። ብርጭቆው ውስጥ ማንኪያው።

ማማሰሉን አቆመ።

«ማሎ» አለ በኦሮምኛ፣ ተገርሞ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ስለ ቤንዚን ሰልፍ ማውራት ጀመረ። የዚያን ቀን አሳውን ከሁሉም በላይ የበላ እሱ ነው። ጠረጴዛውን ሳጸዳ ብርጭቆው ባዶ ነበር፤ ማንኪያውም የለም።

ሐሙስ ጋሽ ሸኩር ከወትሮው ቀድመው መጡ። ከረጢቱ ባዶ ሆኖ ጎናቸው ላይ ተጣብቋል።

«ከብርብራው ሥር ሦስት ሰው ተቀምጧል» አሏት እናቴን። «እንደ እኔ ይወረውራሉ።»

ሻይ አዘዙ። አመጣሁላቸው። ለማንኪያ መሳቢያውን ብፈትሽ ምንም አልቀረም። ብርጭቆውን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«ተናገርሽ?»

«አንድ ቃል አልወጣኝም፣ ጋሽ ሸኩር።»

እውነቴን ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማመን ይሁን አለማመን አልገባኝም። ስኳሩ ሳይማሰል ሻዩን ጠጡት።