ቀድሞ የታተመ ሐዘን

ኦቼሬ፣ ቴማ በምትባል የወደብ ከተማ ባለው የጨርቅ ፋብሪካችን፣ የምርት ዕቅድ ክፍል ኃላፊ ነበር። እኔ እዚያው ቀለም የምቀምም ኬሚስት ነበርኩ፤ ቤታችንም ጎን ለጎን ነው። ሰውየው ስለ ነገ ማሰብ የማይሰለቸው ፍጡር ነው። ነጣ ያለው ጨርቅ ከጠቆረው በፊት ካልታተመ ማሽን በማጠብ ስንት ሥራ እንደሚባክን፣ ጥሬው አቡጀዲ ከወደብ ሲዘገይ የማን ትእዛዝ ወደ ፊት እንደሚሳብ፣ ምሳውን እየበላ ያውጠነጥናል። «ማሽን ቆሞ አይዋል፤ አንዱ ከጎደለ ቀጣዩን ሳቡ» ይል ነበር። ይህን ቃሉን ከማተሚያ ክፍል እስከ ጥበቃው ድረስ በቃሉ የማይወጣው አልነበረም።

ከፋሲካ በፊት ፋብሪካውን የሚያጨናንቀው የሐዘን ጨርቅ ነው። ቤተሰብ ሁሉ አንድ ዓይነት ለብሶ ካልቆመ ቀብሩ ቀብር አይባልም፤ ስለዚህ ሬሳው ማቀዝቀዣ ውስጥ ተኝቶ ጨርቁን ይጠብቃል። ወረፋ ለማሳለፍ ኦቼሬን ያልለመነ የለም፤ እሱ ግን ለማንም ፈቀቅ አይልም።

የሚስቱ እናት ናና ዶኩዋ የታመመችው በዚህ ወቅት ነው። የምትኖረው ላርቴ በምትባል የተራራ ከተማ ነው። ኦቼሬ እናቱን በልጅነቱ አጥቷል። ደህና ጫማ እንኳ ሳይኖረው ልጇን የሰጠችው ናና ናት፤ ከሾርባው ውስጥ ትልቁን ዓሣ መርጣ የምታወጣው ለእሱ ነበር። ሐኪሙ ራሱን ሲነቀንቅ ባየ ማግስት ኦቼሬ ቢሮው ገብቶ ከዕቅዱ መሃል ለቀብሯ ጨርቅ ቦታ ያዘላት። ነጭና ጥቁር፤ ዕድሜ ጠግቦ ለሚሄድ ሰው የሚታተመውን።

«ክፉ አስቤ አይደለም» አለኝ በኋላ። «ሰዎቿ ባረጀ ጨርቅ ተደበላልቀው ሲቆሙባት ታየኝ። አልቻልኩም።»

አመንኩት። መውደዱን የሚገልጥበት ሌላ መሣሪያ አልነበረውም።

ከዚያ ፈቃድ ወስዶ ላርቴ ወጣ፤ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። እሱ በሌለበት የአንድ ነጋዴ አቡጀዲ ሳይደርስ ቀረ። የማተሚያው ፎርማን የተማረውን አደረገ፤ ቀጣዩን ሳበ። ጨርቁ ታተመ፣ ታጠበ፣ ደረቀ፣ የናና ዶኩዋ ስም ተለጥፎበት ማጠፊያ ክፍል ደረሰ። እዚያ የምትሠራው አጄይዋ ደግሞ የላርቴ ልጅ ናት። ስሙን አንብባ ጩኸቷን ስትለቀው እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። የአገሯን ሴቶች ሰበሰበች፤ ጥቁር ለብሰው ትሮትሮ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፈሩና እያለቀሱ ተራራውን ወጡ።

ናና ግን ተሽሏት ኖሯል። በረንዳው ላይ ተደግፋ የበቆሎ አጥሚት ትጠጣለች፤ ኩባያውን የያዘላት ኦቼሬ ነው።

«ወይኔ እናታችን! ሳይሰናበቱን!» እያለች አጄይዋ እጇን በራሷ ላይ ጭና ግቢው ውስጥ ዘለቀች። ቀና ስትል ደርቃ ቀረች።

«ማን ሞተ?» አለች ናና።

ሴቶቹ ወደ ኋላቸው አፈገፈጉ።

«አጄይዋ፣ አንቺን እኮ ነው። የማን ልቅሶ ነው? ልብሴን ልቀይርና አብሬያችሁ ልሂድ እንጂ።»

«ናና... እርስዎ... ጨርቅዎን እኮ አሁን አጥፌ መጣሁ!»

«የምን ጨርቅ?»

«የቀብርዎን ነዋ! ጋሼ ኦቼሬ ያዘዘውን!»

ሚስቱ ኦፎሪዋ ጭልፋ እንደያዘች ከማድቤት ብቅ አለች። «ኦቼሬ፣ ምን እያለች ነው?»

«ቦታ ብቻ ነው የያዝኩት... አትሙ አላልኩም...»

«ቦታ? እናቴን አውቶብስ ልታሳፍራት ነው?»

ናና አማቿን ረዘም አድርጋ አየችው። «ቀለሙ ምንድን ነው?» አለች።

ኦቼሬ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ነጭና ጥቁር» አለ።

«ደግ። ጠግባለች ብለሃላ!» አለችና ሳቀች። ለልቅሶ የመጡትም ሴቶች ከድንጋጤያቸው የተነሳ አብረው ሳቁ፤ አንዷማ ወገቧን ይዛ ቁጭ አለች። ኦቼሬ ኩባያውን የሚያኖርበት አጥቶ በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ። ሰው ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

እንደ ወጉ ሽማግሌ ይዞ፣ በግና ሽናፕስ የሚባል የአረቄ ጠርሙስ አስይዞ ይቅርታ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ጠርሙሱን እያጋመሱ፣ «ልጄ፣ የእኔንስ ለየትኛው ወር አድርገኸዋል?» እያሉ ቀለዱበት። ፋብሪካ ውስጥም ያሳለው ሁሉ፣ «ጋሼ፣ ጉሮሮዬን ከርክሮኛል፤ ወረፋ ያስይዙኝ እንዴ?» ይለዋል። ናና በሰው ፊት ይቅር አለችው፤ ኦፎሪዋም እያደር ማኩረፏን ተወች።

እኔ ይህን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። ኦቼሬ የገመተው ሐኪሙም የገመተውን ነው፤ ልጆቿም ቢሆኑ በልባቸው የቀብሩን እንግዳ ሳይቆጥሩ አልቀሩም። እነሱ ሐሳባቸው ውስጣቸው ስለቀረ ፊታቸውን ቀና አድርገው ይሄዳሉ። የእሱ ግን ታትሞ ወጣ። ሰው በሚወደው ሰው ላይ እንዲህ ያለውን ስሌት ሳይሠራ መኖር ይችል እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን የምችል አይመስለኝም።

ያሳፈረው ግን ቀልዱ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ናና በእሱ ፊት ተኝታ አታውቅም። በሄደ ቁጥር ደማቅ ልብስ ለብሳ፣ ወገቧን አቅንታ ወንበር ላይ ያገኛታል። «ደህና ነኝ፣ በጣም ደህና ነኝ» ትለዋለች። ሕመም ለልጆቿ ትናገራለች፤ ለእሱ አትናገርም።

አንድ እሑድ አብሬው ሄድኩ። ብርቱካን ይዞላት ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ በመስኮቱ የናናን ድምፅ ሰማን፤ ሳል ይቆራርጠዋል።

«የመኪናው ድምፅ ነው። ቶሎ አንሱኝ... ያንን ቢጫውን ልብስ ስጡኝ...»

«እማ፣ ተይ፣ አቅም የለሽም» አለች አንዷ ልጇ።

«አንሱኝ አልኩ! ተኝቼ እንዳያየኝ።»

ኦቼሬ አየኝ። ፊቱን ለመግለጽ ቃል የለኝም።

«ግባ እንጂ» አልኩት በሹክሹክታ።

«ከገባሁ ትቀመጣለች።»

ብርቱካኑን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ኮቴውን እያጠፋ ወደ መኪናው ተመለሰ። በሩን ሊከፍት ሲል ከቤት ውስጥ የናና ድምፅ መጣ፤ ሳሉን ውጣው፣ አጥርታ ነው የተናገረችው።

«ልጄ፣ ምን ያቆምሃል? ግባ! ተቀምጬ እየጠበቅኩህ ነው።»

ኦቼሬ የመኪናውን በር እንደያዘ ቀረ።