ከባሕር በታች የተወለድኩባት መንደር

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ካልጋሪ፣ ፎረስት ሎን ሰፈር ካለ አንድ ሱቅ ውስጥ የሆላንድ አይብ ሸተተኝና ግሬድ ፎር እያለሁ የሆነው ነገር ትዝ አለኝ።

የተወለድኩት ሆላንድ ውስጥ ባለች ትንሽ መንደር ነው። አባቴና እናቴ ወደ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከመምጣታቸው በፊት ሁለት ዓመት እዚያ ኖረዋል። አስተማሪያችን ስለተወለድንበት ቦታ ፕሮጀክት ስትሰጠን አባዬ ስለ መንደሯ ሊናገር የሥራ ሺፍቱን ቀይሮ፣ ከረባት አስሮ ፋልከንሪጅ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤቴ መጣ።

ሰሌዳው ላይ ባሕሩን ከላይ፣ ቤታችንን ከታች ሣለ።

"የመንደሯ ታሪክ አጭር ነው" አለ በተሰባበረ እንግሊዝኛው። "መጀመሪያ ባሕር ነበረች። ሰዎቹ ግድብ ሠሩና ውሃውን በፓምፕ አወጡት። ከዚያ ላሞች ገቡ። ከዚያ እኛ ገባን።"

አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ "ግድቡ ቢፈርስስ?" ሲል ጠየቀው።

አባዬ ወደ እኔ ጠቆመ። "ለዚህ ብዬ እሷን የማስተኛት ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነበር። ውሃው ከመጣ ትንሳፈፋለች።"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አስተማሪዋ እንኳን ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። እኔ ጠረጴዛ ሥር መግባት ነበር የቀረኝ። አባዬ ግን አልሳቀም፤ "ሳፋው ጠንካራ ነበር" ብሎ ማርከሩን አስቀመጠ።

አሁን የስድስት ወር ልጅ አለችኝና ነገሩ እንደዚያን ቀን አያሳፍረኝም። ቅዳሜ ከሱቁ ቤት እንደገባሁ እማዬን ኮል አደረግኳትና "ለመሆኑ ውሃው ቢመጣ አባዬ ለአንቺ ምን አስቦልሽ ነበር?" አልኳት።

"እኔማ የሳፋውን ጠርዝ ይዤ እንድዋኝ ነበር" አለች። "ዋና እንደማልችል ስነግረው 'እንግዲያው ጠርዙን እንዳትለቂ' አለኝ።"